ጆሮዋን ተዉላት

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ጆሮ ለመበሳት ቀጠሮ አያስፈልግም። ሀበሻ ፀጉር ቤት መግባት ይበቃል። ሹሩባ በሚሠራበት ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ፣ ጆሮሽ አልኮል በነካ ጥጥ ይጠረጋል፣ በእስክሪብቶ ነጥብ ይደረግበታል፣ ማሽኑ ጠቅ ይላል፣ አለቀ። ፍራንክሽን ከፍለሽ ስትነሺ ምክር ይከተልሻል። «ጠዋትና ማታ እያዞርሽ፣ እንዳይጣበቅብሽ። አልኮል ጠብ አድርጊበት። ካቃጠለሽ እያዳነሽ ነው።» ይህን የምትለው ሴት ክፋት የላትም። ከእናቷ የሰማችውን፣ ከሌላ ፀጉር ቤት የለመደችውን ነው የምትናገረው። ደሴም ሂዱ፣ ድሬዳዋም ሂዱ፣ አዲስ አበባም ሂዱ፣ ምክሩ ይኸው ነው።

ምክሩ ግን ስህተት ነው። ጥቂት ይስተካከል የሚባል ዓይነት አይደለም፤ ማዞሩም፣ አልኮሉም፣ «ካቃጠለሽ እያዳነሽ ነው» የሚለውም ሦስቱም ስህተት ናቸው። አዲስ የተበሳ ጆሮ፣ አፍንጫ ወይም እምብርት በአብዛኛው የሚበላሸው ስለተነካካ ነው። ልጅቷ ሰነፍ ስለሆነች የሚታመምባት መስሎ ይነገራታል፤ እኔ እስካየሁት ድረስ ግን ጆሯቸው ከሚያብጥባቸው ልጆች መካከል ብዙዎቹ የተነገራቸውን ሁሉ አንድም ሳያጎድሉ የፈጸሙ ናቸው።

ከማዞሩ ልጀምር፤ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው።

መርፌው ያለፈበት መንገድ ጥሬ ሥጋ ነው። ሰውነት ይህን መንገድ የሚዘጋበት ወይም የሚያለብስበት ሥራ ወዲያው ይጀምራል። ጌጡ መሃል ላይ ስላለ መዝጋት አይችልም፤ ስለዚህ ያለብሰዋል። ቆዳ ከፊትም ከኋላም ከቀዳዳው አፍ ተነስቶ ወደ ውስጥ ያድጋል፤ በጌጡ ዙሪያ ስስ ሽፋን እየዘረጋ ሄዶ መሃል ላይ ይገናኛል። ከዚያ በኋላም ሽፋኑ ገና ስስ ነው፤ እስኪጠነክር ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል። እንግዲህ አስቡት። ከውጭ የሚታየው የቀዳዳ አፍ መጀመሪያ ይድናል፣ መሃሉ መጨረሻ ይድናል። ልጅቷ መስታወት ፊት ቆማ «ድኗል» ስትል ውስጡ ገና ጥሬ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ጌጡን ስታዞር ሌሊቱን የተዘረጋው ሽፋን ይቀደዳል። ማታ ስታዞር ቀን የተሠራው ይቀደዳል። ሰውነቷ በየቀኑ እንደ አዲስ ይጀምራል፣ እሷም በየቀኑ ታፈርስበታለች፤ ያውም ለጤናዬ ብላ።

ማዞር ሌላም ጣጣ ያመጣል። አዲስ ቁስል ነጣ ያለ ወይም ቢጫማ ቀጭን ፈሳሽ ያወጣል። ይህ መግል አይደለም፤ ጤነኛ ቁስል ሁሉ ያወጣዋል። ሲደርቅ በጌጡ አንገት ላይ ቅርፊት ይሆናል። ጌጡ ሲዞር ያ ሻካራ ቅርፊት ወደ ቀዳዳው ይገባና ውስጡን ይፍቀዋል፤ በላዩ ያረፈውን አቧራና ጀርም፣ ጣት ላይ የነበረውንም ሁሉ ይዞ ይገባል። አንዲት የቤት ሠራተኛ ልጅ ይህን ስታደርግ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። የአሠሪዎቿን ወለል በጃቬል፣ ማለትም በበረኪና፣ ወልውላ ጨርሳ፣ ጣቶቿን በቀሚሷ ጠረግ አድርጋ፣ የግራ ጆሮዋን የላይኛውን ጌጥ በሁለት ጣት ይዛ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ እንደገና ወደ ፊት። ዐይኗን ጨፍናለች፣ ከንፈሯን ነክሳለች። የጆሮዋ ጠርዝ ቀልቶ ያብለጨልጫል። ለምን ታዞሪዋለሽ ስላት «እንዳይጣበቅ ነዋ» አለች፤ ጥያቄው ራሱ አስገርሟት።

አይጣበቅም። የጆሮ ጌጥ ከቆዳ ጋር አይዋሃድም። የሚይዘው ያ የደረቀ ፈሳሽ ነው፤ እሱን ደግሞ ንጹሕ ውሃ ያረጥበዋል፣ በራሱ ይወርዳል። ሥጋ ውስጥ የሚቀበር ጌጥ እውነት አለ፤ የሚቀበረው ግን ጆሮው አብጦ ዘንጉ ስላጠረው፣ ከኋላ ያለው መያዣም ስለጠበቀ ነው። ማዞር ይህንን አይከለክልም፤ እንዲያውም እብጠቱን ያባብሰዋል። መፍትሔው መጀመሪያ ላይ ረዘም ያለ ዘንግ ማድረግ፣ እብጠቱ ሲወርድ ደግሞ ወደ በሳችው ባለሙያ ተመልሶ በአጭር ማስቀየር ነው።

ሁለተኛው «ካላቃጠለ አያድንም» የሚለው ነው። ይህ እምነት ከጆሮ መብሳት በጣም ይሰፋል። ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ አልኮል የምናፈስበት፣ ሲጮህ ደግሞ «በርታ፣ እያጸዳው ነው» የምንለው በዚሁ እምነት ነው። ሕመምን የመድኃኒት ምስክር አድርገነዋል።

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በፔኒሲሊን ይታወቃል። ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ከማግኘቱ በፊት ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ ቡሎኝ ውስጥ በጦር ሆስፒታል ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። በየቀኑ የሚመጡለት በመድፍ ፍንጣሪ የቆሰሉ ወታደሮች ነበሩ። በዘመኑ ደንብ ቁስል ሁሉ በጠንካራ የጀርም ማጥፊያ ይታጠባል። ፍሌሚንግ ያገኘው ነገር አስደነገጠው፤ መድኃኒቱ ወደ ቁስሉ ጥልቅ ስርጓጉጥ አይደርስም፣ ጀርሙ እዚያ ተደብቆ ይቀራል፤ በደረሰበት ቦታ ደግሞ ጀርሙን ከመግደሉ በፊት ጀርሙን የሚበሉትን ነጭ የደም ሴሎች ይገድላል። ይህን ለማሳየት ብርጭቆ አቅልጦ ሹልና ጠባብ ቀዳዳዎች ያሉት ሰው ሠራሽ ቁስል ሠርቶ ነበር። ይህ ሁሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አንድ የተበሳ ጆሮ ደግሞ ምንድነው? ጠባብና ጥልቅ ቁስል ነው። ከላይ የአልኮል ጠብታ ሲፈስበት የሚሆነውም ያው ነው፤ አፉ ላይ ያለውን አዲስ ቆዳ ያቃጥላል፣ ውስጡ አይደርስም።

አልኮል ያደርቃል፤ ብዙ ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው። «ቁስሉ ደርቆልሻል» ማለት ምስጋና ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ በትናንሽ አሳማዎች ቆዳ ላይ ቀላል ቁስል አድርጎ ከፊሉን ገልጦ እንዲደርቅ ተወው፣ ከፊሉን በስስ ፕላስቲክ ሸፈነው። እርጥበቱን የያዘው ቁስል ከደረቀው ወደ ሁለት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት አዲስ ቆዳ አለበሰ። ዛሬ ሆስፒታሎች የሚጠቀሙባቸው ዘመናዊ የቁስል መሸፈኛዎች የተነሡት ከዚህ ግኝት ነው። አዲስ ቆዳ በደረቅ ቅርፊት ሥር መንገድ ቆፍሮ ነው የሚሄደው፤ እርጥብ በሆነ ገጽ ላይ ግን ይንሸራተታል።

«ነርሷ መርፌ ስትወጋ አልኮል ትጠቀም የለ?» ይሉኛል። አዎ፣ ከመውጋቷ በፊት፣ ጤነኛ ቆዳ ላይ። ጆሮሽም ከመበሳቱ በፊት በአልኮል መጠረጉ ትክክል ነው። ከተበሳ በኋላ ቦታው ቁስል ሆኗል፤ ሕጉም ይለወጣል። ስለ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም አረፋው ሰዎችን ያሳስታቸዋል። «ተመልከች፣ ጀርሙን ሲያወጣው» ይባላል። አረፋው የሚመጣው በደማችንና በሴሎቻችን ውስጥ ካለ ካታሌዝ ከሚባል ኢንዛይም ጋር ሲገናኝ ነው፤ አንድም ጀርም የሌለበት ንጹሕ ደም ላይ ብታፈሱትም አረፋ ይደፍቃል። ዴቶልም እንዲሁ ለተከፈተ ቁስል በየቀኑ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ሲያመረቅዝ ደግሞ የቤቱ ፋርማሲ ይከፈታል። ቲቲሲ ይቀባል፤ ለዐይን የተሠራ ቅባት ነው፣ ወፍራም ነው፣ ቀዳዳውን ደፍኖ ፈሳሹን ውስጥ ያስቀርበታል። ከዚያ የአሞክሲሲሊን ወይም የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ይከፈትና ዱቄቱ ቁስሉ ላይ ይነሰነሳል። ይህን ልማድ በአገር ቤትም በስደትም የማያውቅ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። ዱቄቱ ከፈሳሹ ጋር ተቦክቶ ሲደርቅ ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት ይሠራል፤ ሥሩ ያለው ነገር አይታይም። ፔኒሲሊን የማይስማማት ልጅ ከሆነች ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። አንድ ካፕሱል ለመዋጥ የተሠራው በሆድ በኩል ወደ ደም እንዲገባ ነው፤ ቁስል ላይ የሚዘራ ዱቄት መጠኑን ማን ለካው? ጀርሙን ሳይገድል ያለማምደዋል።

«አያቶቻችንስ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ በአክብሮት መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው። እማማዎቹ በመርፌና በክር ይበሱ ነበር፣ ቅቤ ይቀቡ ነበር፣ ቀዳዳው እንዳይደፈን ስንጥር ይሰኩ ነበር፣ ልጆቹም ድነዋል። ድነዋል፣ እውነት ነው። የሚበሱት ግን የጆሮን ታችኛውን ለስላሳ ሥጋ ነበር። ያ ቦታ ደም እንደ ልብ ይደርሰዋል፤ ብትበድሉትም ይችላል፤ በአብዛኛው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ይሽራል። ያልዳኑትም ነበሩ። ጆሮዋ መግል የያዘ ልጅ «ዐይን ገብቶባት ነው» ተብላ የምትቀርበት ዘመን ስለነበር ከመርፌው ጋር የሚያያይዘው አልነበረም።

ዛሬ የሚበሳው ሌላ ቦታ ነው። ካርቲየ 5 ያሉ ወጣት ልጆች፣ አዲስ አበባም ያሉት፣ የሚወዱት የጆሮን የላይኛውን ጠርዝ ነው። እዚያ ያለው ለስላሳ አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም። የሚመገበው ከላዩ ከለበሰው ስስ ሽፋን ነው። በሽፋኑና በአጥንቱ መካከል መግል ከገባ ሽፋኑ ይነሣል፣ አጥንቱ ምግብ ያጣል፣ ይሞታል። የሞተ አጥንት አያድግም። ጆሮው ይጨማደዳል፣ እንደዚያው ይቀራል። አያቶቻችን በታችኛው ጆሮ ያገኙትን ልምድ ለዚህ ቦታ ማዋል አይቻልም፤ ይህ ቦታ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈልጋል። አፍንጫ ከ4 እስከ 6 ወር፣ እምብርትም እንደ ላይኛው ጆሮ እስከ አንድ ዓመት ሊሄድ ይችላል። ለሠርግ ወር ሲቀራት ጆሮዋን ተበስታ በሦስተኛው ሳምንት ከባድ ወርቅ የምታንጠለጥል ልጅ ላይ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው በትክክል ይደርስባታል።

ማሽኑም ለዚህ ቦታ አልተሠራም። ስፕሪንግ በጉልበት የሚገፋው ጌጡን ራሱን ነው፤ ጌጡ ደግሞ እንደ መርፌ የተሳለ አይደለም፤ ሥጋውን እየደቆሰ ያልፋል። በለስላሳ አጥንት ላይ ይህ ድቅቅት ራሱ ለጀርም ቤት ይሠራል። አብዛኛው ማሽን አካሉ ፕላስቲክ ስለሆነ ሆስፒታል መሣሪያውን በሚቀቅልበት የእንፋሎት ማሽን ውስጥ አይገባም፤ በጥጥ ተጠርጎ ወደ ቀጣዩ ጆሮ ይሄዳል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል፤ በዐይን የማይታይ የደም ጠብታ ይበቃዋል። ኤች አይ ቪ ኢትዮጵያ ውስጥ መታየት ከጀመረ ወዲህ ምላጭና መርፌ በጋራ አለመጠቀምን ተምረናል፤ ማሽኑ ከዚያ ትምህርት ያመለጠው መርፌ ስለማይመስል ብቻ ነው። ከፓኮው የሚወጣ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ፣ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ስለታም መርፌ ግን ንጹሕ መንገድ ይከፍታል።

እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ አንድ የጌጣጌጥ ሱቅ ውስጥ የላይኛውን ጆሯቸውን ካስበሱ ሰዎች የአንዳንዶቹ ጆሮ ተመረዘ። መርማሪዎች ምንጩን ሲፈልጉ ያገኙት የት ይመስላችኋል? ለማጽዳት በሚረጩበት የጀርም ማጥፊያ ጠርሙስ ውስጥ። ሲዶሞናስ የሚባል እርጥበት የሚወድ ባክቴሪያ ጠርሙሱ ውስጥ ይኖር ነበር። ጆሯቸው ከተጎዳባቸው ሰዎች ከፊሎቹ ሆስፒታል ገቡ፤ ከፊሎቹ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ይህን የማነሣው ለማስፈራራት አይደለም። «መድኃኒት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ጠርሙስ ሁሉ መድኃኒት እንዳልሆነ፣ ሲከፈትና ሲዘጋ ወራት የቆየ ጠርሙስም ራሱ ምንጭ ሊሆን እንደሚችል ለማስረዳት ነው። ሌላም ነገር አለው። ይህን ባክቴሪያ አሞክሲሲሊን አይገድለውም። እኛ ደግሞ ጆሮ ሲያብጥ መጀመሪያ የምንሮጠው ወደ አሞክሲሲሊን ነው። ልጅቷ ካፕሱሉን እየዋጠች፣ «መድኃኒት ጀምሬያለሁ» ብላ ተስፋ እያደረገች አጥንቱ ሥር ሥሩን ያልቃል። ስለዚህ የላይኛው ጆሮ ቀልቶ፣ ግሎ፣ ሲነኩት እያመመ ካበጠ፣ ታችኛው ለስላሳ ሥጋ ግን ጤነኛ ከሆነ፣ ያ ለፋርማሲ መስኮት የሚነገር ጉዳይ አይደለም። በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት፤ ፔልቲዬ ሆስፒታል ከዚህ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ጌጡንም በራስሽ አታውጪው፤ አፉ ከተዘጋ መግሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል። መውጣት አለመውጣቱን ሐኪሙ ይወስን።

ያቺ ልጅ፣ ጌጧን እያዞረች ያየኋት፣ ያለችኝ አንድ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያበሳጨኛል። «ሥጋዬ መጥፎ ነው» አለችኝ። ሰው ሁሉ እንደዚያ ይላታል። ፀጉር ሠሪዋ ትላለች፣ አብረዋት የሚኖሩት ይላሉ፤ «ሥጋዋ ቁስል አይችልም»። በቀን ሁለት ጊዜ የሚቀደድ፣ በአልኮል የሚቃጠል፣ በጃቬል የሸተተ ጣት የሚገባበት ቁስል የማን ሥጋ ይችለዋል? ምክሩ ሲያቆስላት ጥፋቱ ወደ ሥጋዋ ይዞራል። ምክሩ ግን ሳይነካ ለሚቀጥለዋ ልጅ ይተላለፋል። ይህን ያህል ዘመን የኖረውም ለዚህ ነው፤ ሲሳካ ምስጋናው ለአልኮሉ ይሰጣል፣ ሲበላሽ ደግሞ ወቀሳው ለልጅቷ።

በእውነት በሥጋ የሚወሰን አንድ ነገር ግን አለ፣ ኬሎይድ። ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያድግ፣ ከወራት በኋላ የሚመጣ ጠንካራ ጠባሳ ነው፤ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ይበዛል፣ በዘርም ይወርዳል። እናትሽ ወይም ወንድምሽ እንዲህ ያለ ጠባሳ ካላቸው የላይኛውን ጆሮ ባትበሺ እመክራለሁ። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቀዳዳው አጠገብ የምትወጣ፣ «ሥጋ አበቀለ» የምትባለው ትንሽ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ኬሎይድ አይደለችም። የተነካካ፣ የተፈገፈገ፣ የተተኛበት ቁስል ነው። መነካካቱ ሲቆም ትወርዳለች።

ታዲያ ምን ይደረግ? ይህ ክፍል አጭር ነው፤ አጭር መሆኑም አንዱ ክርክሬ ነው። እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ንጹሕ ጨው ውሃ ታፈሺበታለሽ፣ የለሰለሰው ቅርፊት ከወረደ ይወርዳል፣ ካልወረደ ይቆያል፣ በንጹሕ ሶፍት ጫን ጫን አድርገሽ ታደርቂዋለሽ፣ ትተዪዋለሽ። አበቃ። ጅቡቲ ውስጥ ደግሞ ይህ ከብዙ ቦታ ይልቅ ቀላል ነው። ፋርማሲዎቹ የፈረንሳይ ልማድ ስላላቸው ሴሮም ፊዚዮሎዢክ የሚባለውን ይሸጣሉ። እናቶች የሕፃን አፍንጫ የሚያጥቡበት፣ አንገቱ ተጠምዝዞ የሚከፈት ትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ ነው። ውስጡ ያለው ጨው 0.9 በመቶ ነው፤ የሰውነታችን ፈሳሽ ያለው ልክ ስለሆነ አያቃጥልም። አንዱ ብልቃጥ ለአንድ ጊዜ ነው፤ የተረፈው ይደፋል። አገር ቤት ኖርማል ሳላይን ብላችሁ ጠይቁ፣ ይኸው ነው።

«የባሕር ውሃስ? ጨው አይደል?» የሚለውን እዚህ ከተማ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። የባሕር ውሃ ጨው ወደ 3.5 በመቶ ነው፤ ከሰውነታችን አራት እጥፍ ገደማ። ከአሳል ሐይቅ የሚመጣው ጨው ደግሞ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ፣ ከባሕሩ አሥር እጥፍ ገደማ ጨዋማ ከሆነ ውሃ የደረቀ ነው፤ በማንኪያ ገምቶ ብርጭቆ ውስጥ ማሟሟት ሌላ ማቃጠል ነው። የጠነከረ ጨው ውሃ ከሴሎቹ ውሃ ይመጥጣል፣ አዲሱን ቆዳ ያደርቀዋል። ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ግድ ከሆነ ለአንድ ሊትር ተፈልቶ ለቀዘቀዘ ውሃ 9 ግራም ጨው ነው ልኩ። እዚህ ግን ውሃው ራሱ ያስቸግራል። የጅቡቲ የጉድጓድ ውሃ ከድሮም ጨዋማ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ከሐዳጋላ በቧንቧ የሚመጣው ውሃ ቢታከልበትም ዛሬ በቧንቧሽ የሚወርደው የትኛው እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? የምትገዢው ብልቃጥ ልኩ የታወቀ ነው።

ከሁሉ ጠንካራ የሆነው ተቃውሞ የአየሩ ነው። «ይህ ሙቀት፣ ይህ አቧራ ባለበት ቁስል ዝም ይባላል?» ክረምት ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት፣ ካምሲን የሚባለው ነፋስ አሸዋ ይዞ በሚነፍስበት፣ ላብ ከአንገት በማይደርቅበት ከተማ ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሙቀቱ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ላብ የሚያጠምቅሽ ከሆነ በንጹሕ ውሃ አለቅልቂው፣ አድርቂው። ሻርፕሽ በጌጡ ላይ እንዳይጠመጠም ከኋላ አሳልፊው። የትራስ ልብስሽን ቶሎ ቶሎ ቀይሪ፣ በተበሳው ጎን አትተኚ። ስልክ በሌላው ጆሮ አውሪ፤ ስልክ የቀን ውሎሽን ሁሉ ይዞ ነው ጆሮሽ ላይ የሚያርፈው። ፀጉርሽን ቅቤ የምትቀቢ፣ ቅባት የምታስደርጊ ከሆነ ጆሮሽ እስኪሽር ከዚያ ጎን አርቂው። ባሕር ዳርቻ መዋኘት ይቆይ። እነዚህ ሁሉ ቁስሉን ከሚነካው ነገር የሚያርቁ ናቸው። አልኮልና ማዞር ደግሞ ወደ ቁስሉ የሚጨምሩ ናቸው። አቧራ ስላለ ተጨማሪ ጣት ያስፈልጋል የሚል አሳብ ከየት ይመጣል?

ስለ ብረቱም ጥቂት ልበል። ጆሮዋ የሚያሳክካት፣ ውሃ የሚያወጣባት፣ ግን የማያተኩሳት ልጅ ምናልባት የተመረዘች ሳትሆን ኒኬል የማይስማማት ናት። ርካሽ ቅብ ጌጦች ውስጥ ኒኬል አለ፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1994 በተበሳ ቁስል ውስጥ የሚገባ ጌጥ ላይ ኒኬልን በሕግ የገደበው በዚህ ምክንያት ነው። ለአዲስ ቁስል ለሰውነት ውስጥ የሚሠራው ቲታኒየም ይመረጣል፤ ወርቅ ከሆነ 14 ወይም 18 ካራት ይሁን። 24 ካራት ለስላሳ ስለሆነ ይቧጨራል፣ ጭረቱ ቆሻሻ ይይዛል።

እዚህ ላይ ከሕክምና የማይመጣ ግን ሕክምናን የሚያዘገይ ሌላ ድምፅ አለ። «ስደት ላይ ሆነሽ ጌጥ አማረሽ?» ይላታል። የተመረዘ ጆሮዋን በሻርፕ ሸፍና የምትሠራ ልጅ ብዙ ጊዜ የምትፈራው ሐኪሙን ሳይሆን ይህን ቃል ነው። አሠሪዋ እንዳትቆጣት ትፈራለች፣ ወረቀት ከሌላት ደግሞ የሆስፒታል በር ራሱ ያስፈራታል። ጌጥ ማማሩ ምን ያሳፍራል? በአገራችን ዝሆን የገደለ ወንድ በጆሮው ጌጥ አድርጎ በአደባባይ ይሄድ ነበር፤ ማንም ቅንጦት አላለውም። ወሎ ውስጥ የተወለደች፣ ከቤተሰቧ ርቃ የሰው ልጅ የምታሳድግ፣ ደመወዟን የምትልክ ልጅ ለራሷ አንድ ትንሽ ጌጥ መረጠች። ይህን የሚነቅፍባት ሰው ጆሮዋ ሲያብጥ እንድትደብቅ ያስተምራታል፤ የሚደበቅ ቁስል ደግሞ ሐኪም ጋ የሚደርሰው ከረፈደ በኋላ ነው።

የእኔ ክርክር ለእሷ ይጠቅማታል። ትክክለኛው እንክብካቤ ከሁሉ ርካሹ ነው፤ ብልቃጥ ጨው ውሃና የታጠበ እጅ። አልኮሉ፣ ፐርኦክሳይዱ፣ ቲቲሲው፣ ካፕሱሉ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ጆሮዋንም ያጠፉባታል።

ስለዚህ የምጠይቀው ከፀጉር ቤት ባለቤቶች ነው። ካርቲየ 5 ውስጥ ያላችሁ እህቶች፣ ልጆቹ ከሐኪም ይልቅ እናንተን ያምናሉ፤ የምትሉትን ይፈጽማሉ። ማሽኑን ከላይኛው ጆሮ አንሱት። የታችኛውንም ቢሆን በአዲስ መርፌ መብሳት የሚችል የሠለጠነ ሰው ካለ ወደ እሱ ላኩ። የአልኮል ጠርሙሱን ለደንበኛዋ አትስጡ፤ በምትኩ ጥቂት የሴሮም ብልቃጥ ስጧት፣ ዋጋውን በመበሻው ላይ ጨምሩ። «እንዳታዞሪው» በሏት። ስንት ወር እንደሚወስድም ሳታሳጥሩ ንገሯት፤ ስድስት ወር ሲባል ደንግጣ የምትተው ካለች ደንበኛ አጣችሁ እንጂ ጆሮ አላጠፋችሁም። ካበጠባትም ወደ እናንተ እንድትመለስና የላይኛው ጆሮ ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም እንድትሄድ ከወንበሩ ሳትነሣ ንገሯት፤ ሰዓቱ ሌሊት ቢሆን እንኳን የሚያጅባት ሰው ፈልጉላት።